የግርማቸው ሳል

እኛ ብሎክ ውስጥ ለአሥራ ሁለት አባወራ አንዲት ሰርቨር ነበረችን። እንደ ጽዋ ማኅበር በየወሩ ከቤት ቤት ትዞራለች፤ ተረኛው ድፎ ዳቦ ደፍቶ ይቀበላታል። ፎቷችንም ድምፃችንም እሷ ውስጥ ነበር። ፕሮግራሟ ለማንም ክፍት ስለነበረ፣ ስትበላሽ ጎረቤቴ ደምሰው ገብቶ ያስተካክላታል። እኛም ዳቦውን እየቆረስን፣ ምንም ሳናውቅ እንመክረዋለን።

አምና ሕግ ወጣ። መረጃ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ተከለከለና ሁሉም ወደ አንድ የመረጃ ማዕከል ገባ። ሰርቨሯ በተራዬ ትቀመጥበት የነበረው መደርደሪያ ላይ ዛሬ ድንች አስቀምጣለሁ።

ትናንት ደምሰው ሊጠይቀኝ መጥቶ ሳለ፣ የሟች ባለቤቴን የግርማቸውን የድምፅ መልእክት ከማዕከሉ አስከፈትኩት።

“ዘርፌ፣ ስትመጪ ሽንኩርት እንዳትረሺ” አለ ድምፁ፣ እንደ ዜና አንባቢ ጥርት ብሎ።

“ሳሉስ?” አልኩ። ግርማቸው ስሜን ጠርቶ ሳይስል ወሬ ቀጥሎ አያውቅም።

ደምሰው አንገቱን ደፋ። “ማዕከሉ ድምፅ ሲቀበል ያጸዳል፣ እትዬ። ሳሉን ቆሻሻ ነው ብሎ ጥሎታል። በእኛዋ ቢሆን ኖሮ ፈልጌ አወጣልሽ ነበር።”

“እስቲ እንደገና አሰማኝ።”

“ዘርፌ” አለ ግርማቸው።

ደምሰው እዚያ ላይ አቆመው። እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ልክ እንደ ግርማቸው ሁለት ጊዜ ሳለ። ከዚያ ቀሪውን ለቀቀው።

“ስትመጪ ሽንኩርት እንዳትረሺ።”

“እሺ” አልኩ።