አሥራ ሁለተኛው

«አሥራ ሁለት» አሉ ደዋይዋ እናት፣ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ። የሬዲዮ አዘጋጁ እጁ ላይ ያለውን ካርድ ደግሞ አየው። በየማለዳው በሚያቀርበው «ዛሬ በታሪክ» ጥያቄ፣ ከሃያ ዓመት በፊት በዚህች ቀን ድልድዩ ሲደረመስ ስንት ሠራተኞች እንደሞቱ ጠይቆ ነበር። ካርዱ አሥራ አንድ ይላል።

«እናቴ፣ በአንድ ሳቱ እኮ» አለ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

«አልሳትኩም። ልጄ ሥራ የጀመረው የዚያን ዕለት ጠዋት ነው። መዝገብ ላይ ሳያሰፍሩት ድልድዩ ወደቀ። ‹የእኛ ሠራተኛ አይደለም› ብለው መለሱኝ።»

ከመስታወቱ ወዲያ የአዘጋጁ አለቃ ስልኩን እንዲዘጋ በእጁ ይወተውተዋል፤ መዝጊያው ከጣቱ ሥር ነው። አገር እየሰማ የአለቃን ትእዛዝ መጣስ ከሥራ እንደሚያስባርር አላጣውም። ሆኖም ጣቱን አነሳና እስክሪብቶ ያዘ።

«የልጅዎን ስም ይንገሩኝ።»

ከነአባቱ ከነአያቱ ነገሩት። ካርዱ ላይ ጻፈው፤ ከዚያም ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብሎ፣ ጠዋት የሠራተኞችን ስም ከመዝገብ እንደሚጠራ ሰው፣ ስሙን ጥርት አድርጎ ጠራው።

ሴትየዋ በልጃቸው ፈንታ፣ «አቤት» አሉ።