ያልተረገጠው ወለል

«ይኼኛው ጣውላ አዲስ ነው» ትላለች ልጅቷ፣ በእርሳሷ ጫፍ ከመድረኩ ፊት ያለውን ወለል እየጠቆመች። «ዙሪያው ሁሉ ተበልቷል፤ ይኼ ግን ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። ተቀይሯል ማለት ነው።»

ቦሁሚል አንገቱን ይደፋል። የእድራችን ሊቀ መንበር ነው፤ ዛሬ ለእንግዳ ብሎ ክራቫት አስሯል። ጠዋት «እትዬ አልቢና፣ ኮላቹን ያቅርቡ እንጂ ለሴትየዋ ምንም እንዳይናገሩ፤ አፍዎን አውቀዋለሁ» ብሎኛል። እኔም አፍንጫውን አውቀዋለሁ፤ ስንቴ ጠርጌዋለሁ። ለዛሬ ብቻ ብዬ፣ ማርማላታ የሞላሁትን ኮላች፣ የአያቶቻችንን ጣፋጭ ዳቦ፣ በትሪ ይዤ ጥግ ቆሜያለሁ።

ልጅቷ፣ ወይዘሪት ካርቨር፣ የመጣችው ከዋና ከተማው ነው፣ የቅርስ መዝገብ ይዛ። ባንኩን፣ ባቡር ጣቢያውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን አይታ ጽፋለች። የቀረው ይኼ የእድር አዳራሽ ነው። አያቶቻችን ከቦሄሚያ ባሕር ተሻግረው መጥተው ገና ራሳቸው በጭቃ ጎጆ እያደሩ የሠሩት ነው። ከተመዘገበ ጣሪያው ይጠገናል። ካልተመዘገበ የእህል ነጋዴው ጎተራውን ሊያሰፋበት አሰፍስፏል፤ ከፋሲካ በኋላ ይፈርሳል።

«ወለሉ ተነካክቶ ከሆነ ልመዘግበው አልችልም። አዝናለሁ» ትላለች። እርሳሷ ወረቀቱ ላይ ይሄዳል።

«እዚያ ምድጃ ነበረ መሰለኝ» ይላል ቦሁሚል፣ ላብ እያጠመቀው። «የሆነ ጊዜ ጠግነውት ይሆናል።»

ትሪውን ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ። «ቦሁሚል፣ የማታውቀውን ከምትቀባጥር ኮላች ጉረስ።»

«እትዬ!»

«ምን እትዬ ትለኛለህ? ከልጅነትህ ጀምሮ ስትጨፍርበት ለምን እንዳልተበላ ጠይቀህ ታውቃለህ?» ወደ ልጅቷ እዞራለሁ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ልጄ። ይኼን ወለል ግን አርባ ዓመት ተንበርክኬ አጥቤዋለሁ። አዲስ ያልሽው ጣውላ ከሌላው እኩያ ነው። ያልተበላው ማንም ስላልረገጠው ነው።»

«ለምን አይረግጡትም?»

«የሬሳ ቦታ ነዋ።»

ቦሁሚል የጎረሰውን እንደያዘ ይቀራል።

ሰባት ዓመቴ ነበር፣ አባቴ ከድርቆሽ ክምር ወድቆ ሲሞት። የእድር ሰው እንጂ የቤተ ክርስቲያን ሰው አልነበረምና ቄሱ የመቃብሩን በር ዘጉብን። እናቴ ሬሳ የጫነውን ጋሪ ይዛ መንገድ ላይ ቆመች። የት ትሂድ? የእድሩ ሰዎች መጥተው፣ አንድም ሳይናገሩ፣ ፈረሱን በልጓሙ ይዘው እዚህ አመጡን። ከመድረኩ ፊት፣ የሞቱ የእድር ወንድሞቻቸውን ሁሉ ከቀብር በፊት የተሰናበቱበት ቦታ ላይ አሳረፉት። ጥሩምባ ነፊዎቹ ለሀብታም እንደሚነፉት ነፉለት። ያንን ክረምት ሴቶቹ በየምሽቱ እቤታችን እየመጡ፣ ከእናቴ ጋር ለትራስ የሚሆን የዝይ ላባ ከአገዳው ይነጥሉ ነበር። ሲሄዱ አንዷ ዳቦ ትረሳለች፣ አንዷ ቅቤ ትረሳለች፣ አንዷ ለእኔ የሚሆን ጫማ ትረሳለች። ክረምቱን ሙሉ ሲረሱ ከረሙ። እኔ ግን አልረሳሁም።

ይኼን ሁሉ ለልጅቷ እነግራታለሁ። «ቀብር አስፈጻሚው ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ሬሳ እዚህ አይመጣም» እላለሁ። «ቅዳሜ ስንጨፍር ግን ዛሬም ዞረነው እንሄዳለን። አባት ሲዞር ያየ ልጅ ይዞራል።»

«የተጻፈ ነገር ይኖራል?» ትላለች በትሕትና።

«የምን ወረቀት ነው እንግዲህ! ቦሁሚል፣ ና ክንድህን አምጣ።»

«አሁን? እትዬ፣ ጉልበትዎ…»

«ጉልበቴን ተወው፤ እኔ የምፈልገው ያንተን እግር ነው። ወደ ታች እንዳታይ። ዓይን ዓይኔን እያየህ ጨፍር።»

የቅዳሜ ጭፈራችንን ዜማ፣ ፖልካውን፣ በአፌ እመታለሁ። ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ትንፋሼ እንደ አሮጌ ወናፍ ይንሿሿል። ቦሁሚል በግ ሲጎተት ይመስላል፤ ቀስ በቀስ ግን ትከሻው ይፈታል። ከመድረኩ ፊት ስንደርስ፣ ሳልነካው፣ ክንዱ ወደ ውጭ ይስበኛል። ጫማው ስንዝር ሲቀረው ይታጠፋል። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። በሦስተኛው ይቆምና ወደ እግሩ ያያል።

«እኔ እኮ» ይላል፣ «የጭፈራው አካሄድ ይመስለኝ ነበር።»

ልጅቷ በዚያ በሚያምር ቀሚሷ ትንበረከካለች። በአውራ ጣቷ የምስማሮቹን ራስ ትዳስሳለች፤ ከተበላው ወገን፣ ከዚያ ካልተበላው። ሁሉም አራት ማዕዘን፣ ሁሉም ያረጀ። ከዚያ የእርሳሷን ቂጥ ገልብጣ የጻፈችውን በላጲስ ታጠፋለች።

«ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የተመታው» ትላለች። «እመዘግበዋለሁ።»

ቦሁሚል ወንበሩ ላይ፣ ከትሪዬ አጠገብ፣ ዘፍ ይላል። ክራቫቱን ይፈታል። ብናገር እንደማለቅስ አውቃለሁ፣ በቦሁሚል ፊት ደግሞ አላደርገውም። ሁለት ኮላች በናፕኪን ጠቅልዬ ለልጅቷ እሰጣታለሁ። እጄን ትጨብጣለች፣ ከመድረኩ ላይ ቦርሳዋን ታነሳለች።

በሩ ከመድረኩ ትይዩ ነው። አቋራጩ በዚያ ቦታ መሀል ያልፋል። ልነግራት አፌን እከፍትና እተወዋለሁ። ጠርዙ ጋ ስትደርስ ጫማዋ ይታጠፋል። ዞራው ትወጣለች።