ጤነኛ ሞተር

መካኒኩ የመኪናዋ ጭስ ማውጫ ላይ ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር ሽቦ ከመለኪያው ጋር አገናኘ። የሟች ወንድሙ ሚስት ክንዷን አጣምራ አጠገቡ ቆማለች። ባሏ ሞቶ የተገኘው በዚህችው መኪና ውስጥ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ መሪው ላይ እንደተደፋ ነው። ጭስ አፍኖት ነው ትላለች። በዋዜማው ሞተሩን የጠገነው ይኸው መካኒክ ነበር።

«እትዬ፣ ዛሬስ ይለይልን» አለ። «ልቡ ነው የከዳው። መኪናዋ ምንም የላትም።»

«ወሬህን ተወውና ለካ።»

ሞተሩን አስነሳ። የመለኪያው ቀስት ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ።

«አየሽ? ነዳጅ ሲበዛ ይወጣል፣ አየር ሲበዛ ይወርዳል። እንዲህ ከተመላለሰ ጤነኛ ነው። መሣሪያ አይዋሽም።»

«አጥፋው።»

አጠፋው። ቁልፉን ከእጁ መንትፋ ጨበጠችው። ቀስቱ ግን አልቆመም። ዝግ ብሎ ወጣ፣ ዝግ ብሎ ወረደ፣ ጥቂት ቆየና ደግሞ ወጣ። ያቺን ቆይታ ታውቃታለች። በትዳር ዘመኗ ሁሉ ከባሏ ጎን ተኝታ፣ ቀጣዩ ትንፋሽ እስኪመጣ ስትጠብቅባት ኖራለች።

«ሽቦው ነው፤ የሆነ ቦታ ይነካካል» አለ መካኒኩ፣ ድምፁ ሰልሎ።

«ንቀለዋ።»

ነቀለው። የሽቦው ጫፍ ከእጁ ላይ ተንጠለጠለ። ቀስቱ ወጣ፤ ወረደ።

«መሣሪያ አይዋሽም ብለህ የለ?» አለችው ድምፅዋን ሳታነሣ። «በል ንገረው። ያን ቀን ምን እንዳደረግህ ለወንድምህ ለራሱ ንገረው።»

መካኒኩ አፉን ከፈተ። ቀስቱ እንደወጣ ቀጥ ብሎ ቀረ፣ መልስ ሊሰማ ትንፋሹን እንደያዘ ሰው።