ገጽ የሚታየው ተገልብጦ ነው

ታብሌቱን እገለብጠዋለሁ፤ ውስጡ ያለው ገጽ ግን ዞሮ ቀጥ ይላል። እንደገና እገለብጠዋለሁ፤ እንደገና ይቃናል።

«ምን ዓይነቱ እልኸኛ ነው እቴ! ከኔም ይብሳል።»

የልጅ ልጄ በሳቅ ትፈርሳለች። «አያቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ገጽ እያየሁ ነዋ!»

አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ስሰፋ ኖሬያለሁ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለቀምኩት ወረቀት ሳጥፍ ነው። እኛ ገጽ ስንፈትሽ ገልብጠን ነው። ሲገለበጥ ቃሉ ዝም ይላል፣ ቅርጹ ብቻ ይቀራል። ያኔ የተጣመመውም የተጣበበውም ራሱን ያጋልጣል።

ይሄ የባሌ የግጥም መጽሐፍ ነው። የወረቀቱን እሱ በሕይወት ሳለ በእጄ ሰፍቼዋለሁ። አሁን የልጅ ልጄ በስልክና በታብሌት እንዲነበብ አሰናድታዋለች፤ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ለአንባቢ ይለቀቃል። ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል።

አለቃዋ ክራባቱን እያላላ፣ «እማማ፣ እኔም እሷም አንብበነዋል። አንድም የፊደል ግድፈት የለውም» ይላል።

«ፊደሉን ማን ጠየቀህ?»

ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ በማዶ እዞራለሁ። እሱ አልገለበጥም ካለ እኔ እገለበጣለኋ! እንደተኛ ቀረ፤ አሸነፍኩት።

«ግለጪልኝ። ቀጥዪ። ቀጥዪ... ቁሚ!»

ከዚህ ጀምሮ በስንኞቹ ዳር የሚተወው ነጩ ቦታ ጠፍቷል። ስንኙ ሁሉ ተያይዞ ከዳር እስከ ዳር ተጠቅጥቋል።

«ይሄ ግጥም ነው ወይስ የቤት ኪራይ ውል? ሰውዬው በየስንኙ ትንፋሽ የሚወስድ ሰው ነበር። እዚህ አምጥታችሁ አነቃችሁት!»

አለቃው ወደኔ በኩል ይመጣና አንገቱን ያዘነብላል። «ወይ ጉድ!»

ልጅቷ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። «ፋይሉን ስቀይረው ነው የተያያዘው። በቃሌ ስለማውቀው፣ ሳነበው ለየብቻ መሰለኝ...»

«አልቅሰሽ ዕቃውን አታበላሺ። ለያዪው!»

ትለያያለች። አለቃው የወረቀቱን መጽሐፍ ይዞ ስንኝ በስንኝ ያነብላታል፤ እኔ በማዶ ሆኜ አዛለሁ። «ይቺ ትውረድ። ያቺም። እሰይ የኔ ልጅ!» ነጩ በዳር በዳር ይመለሳል። ሦስተኛው ግጥም ላይ አለቃው ማንበቡን ትቶ ማዜም ይጀምራል። ድምፁስ ለጉድ ነው፤ ሦስታችንም እንስቃለን።

በኛ ጊዜ ቢሆን ለዚህ ስህተት ሺህ ቅጂ ተቀድዶ ይጣል ነበር። ይሄ መስታወት በሃያ ደቂቃ ታረመ። ጎበዝ ዕቃ ነው፤ ፊት ለፊት ግን አልነግረውም።

«አያቴ፣ አንቺ ልቀቂው። እዚች ጋ ንኪ።»

እነካለሁ። ወይ ፍንክች። መርፌ ያደነደነውን ጣቴን መስታወቱ ከጣትም አልቆጠረው። እደግማለሁ።

«እማማ፣ በሌላኛው ጣት ቢሞክሩት?» ይላል አለቃው። አንድ ጊዜ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ክራባቱን መልሶ ያጠብቃል።

ጣቴን ምላሴ ላይ አስነካና፣ ገጽ እንደምገልጥ አድርጌ ዳበስ አደርገዋለሁ።

መጽሐፉ ለአንባቢ ይሄዳል። መስታወቱ ላይ እርጥብ አሻራዬ ያብለጨልጫል።