ጣት የምታህል ክፍተት

አሮጌ ካልሲ በቢላዋ ጫፍ እየገፋች የመስኮቱ ስንጥቅ ውስጥ ትወትፋለች። የበሩን ሥር በፎጣ ደፍናዋለች። ነፋስ ግን ሌባ ነው፤ በመርፌ ቀዳዳም ይገባል። አልጋው ላይ የአራት ዓመት የልጅ ልጇ ተኝታለች፤ ከሳንባ ምች ከተነሳች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው።

"እማዬ፣ ደግሞ ጀመርሽ?" የልጅቷ አባት በሩን በትከሻው ገፍቶ ይገባል።

"ቀስ! ዝጋው! ብርዱን ይዘህባት መጣህ።"

ልጇ ፋብሪካ ውስጥ አየር ማናፈሻ ገጣሚ ነው። ሳሙና የምታህል የአየር መለኪያ ከኪሱ አውጥቶ ኮመዲኖው ላይ ያስቀምጣል። ቁጥሩ እየዘለለ ሄዶ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ላይ ይቆማል።

"ከሺህ ካለፈ ደግ አይደለም። ከእንቅልፏ ስትነሳ 'ራሴን' የምትልሽ ለምን ይመስልሻል? የተቃጠለ አየር ነው የምትስበው።"

"ምን ተቃጥሎ? ከሰል እንኳ አላስገባሁ!"

"ትንፋሽ ነዋ። የእሷና የአንቺ።"

"አንተንስ እንዲሁ ደፍኜ አይደል ያሳደግኩህ? ምን ሆንክ?"

"ትምህርት አልገባ ያለኝ ለምን ሆነና!"

አትስቅም። 'የአንቺ' ያላት ደረቷ ላይ ተቀምጧል። ልጅቷ ከሐኪም ቤት ከወጣች ጀምሮ አጠገቧ የምትተኛው እሷ ናት፤ ትንፋሿ ቢቆራረጥ ልስማ ብላ፣ ጉንጭ ለጉንጭ።

"ጣት የምታህል ብቻ ክፈቺላት፤ ምንም አትሆንም" ብሎ ወተት ሊያሞቅ ይወጣል።

ትቀመጣለች። ትነሳለች። የመስኮቱን እጀታ ትይዝና እንደ እሳት ትለቀዋለች። ብትከፍተው ብርዱ፤ ብትዘጋው የራሷ ትንፋሽ። ሳታውቀው ትንፋሿን ይዛ ቁጥሩ ላይ ታፈጣለች። ቁጥሩ አይንቀሳቀስም። ልጅቷ ፊቷን እያጨማደደች ትገላበጣለች፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

"እኔ አፈር ልብላልሽ።"

ካልሲውን መዝዛ ታወጣዋለች። መስኮቱን በጣቷ ለክታ ትከፍተዋለች። ነፋሱ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ አንገቷ ሥር ይገባል። ወዲያው ወንበሩን ጎትታ በመስኮቱና በአልጋው መሃል ታስቀምጥና ጀርባዋን ለክፍተቱ ሰጥታ ትቀመጣለች።

ልጇ ወተቱን ይዞ ሲመለስ ጥርሷ ይንገጫገጫል። የሹራቧ ጀርባ በነፋሱ ተነፍቷል። የልጅቷ ፀጉር ግን አንዲት ዘለላ አልተነቃነቀችም።

"ስንት ደረሰ?" ትለዋለች፣ ትከሻዋን ይበልጥ እያሰፋች።