ይማርሽ

ወይንሸት የሟች እናቷን ጋቢ ከሣጥን አውጥታ ስታራግፍ አስነጠሳት። በልጅነቷ እንደተማረችው ፊቷን በክንዷ ሸፈነች፤ ከዚያ ደንግጣ ቆመች። ጉንፋን ከአገር ከጠፋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እንዳይመለስ ሲባል ግን ያስነጠሰ ሁሉ ለጤና ቢሮ ደውሎ ያስታውቃል፤ ሰባት ቀንም በሩ ይቆለፍበታል።

"ይማርሽ!" አሉ ጋቢውን ሊያዩ የመጡት አሮጊት ጎረቤቷ፣ እትዬ እማዋይሽ።

ወይንሸት ግራ ገባት። "ምን አጠፋሁ፣ እትዬ?"

አሮጊቷ ሳቁ። "ድሮ ላስነጠሰው ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የምንለው።"

"አትሸሹም ነበር?"

"ለምን እንሸሻለን? እጃችንን ታጥበን ሥራችንን እንቀጥላለን። ይሄ ደግሞ አቧራ ነው፣ ልጄ።"

አቧራ ይሁን በሽታ በምን ትለየው? ጉንፋን ይዟት አያውቅም። ልጇ ሶልያና ከትምህርት ቤት ልትመጣ ትንሽ ቀርቷታል። ብትደውል ልጅቷ አክስቷ ዘንድ ትወሰዳለች፤ ሰባት ቀን አታቅፋትም። ባትደውልና በሽታ ቢሆንስ? እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች፤ ሐሳቧ ግን አልጠራ አላት። በመጨረሻ ደወለች።

"ቶሎ ይውጡ እትዬ፣ ሊቆለፍብዎት ነው!"

እማዋይሽ ግን በሩን ከውስጥ ዘግተው አጠገቧ ተቀመጡ።

"ቤቴን ሰው ካንኳኳው ዓመት ሆነው። ከሰው ጋር መቆለፍ ለእኔ ቅጣት መሰለሽ?"

ወይንሸት ልሳቅ ወይስ ላልቅስ እያለች ስትዋልል፣ የሶልያና ሩጫ ከደረጃው ተሰማ። አሮጊቷ የወይንሸትን እጅ አጥብቀው ያዙ።