የኩምሳ ባንዲራ

ሯጩ ኩምሳ ጃፓናዊ ሊሆን ነው የሚለው ወሬ ከኦክላንድ ተነሥቶ ሳን ሆዜ ለመድረስ አንድ እሑድ በቃው። ወሬ መቼም ከማራቶን ሯጭ ይፈጥናል።

ከሰማው ሰው ሁሉ ይበልጥ ያፈሩት አቶ ሀብቱ ናቸው። ልጁን ኤርፖርት የተቀበሉት፣ እዚያው አቅራቢያ ኒውአርክ መጋዘን ሥራ ያስገቡትም እሳቸው ነበሩ። ሰሞኑን እንቅልፍ አጥተዋል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ የሰው ዐይን ሽሽት ከኋላ መቀመጥ ጀምረዋል። ባለቤታቸው ፋንታዬ፣ «ምን ሆነሃል?» ብትላቸው፣ «አገር መተው ቀላል ነገር መሰለሽ?» አሏት።

ሐሙስ ጠዋት ከሥራ ኦፍ ወስደው፣ ለሠርግ ብቻ የሚወጣውን ሱፋቸውን ለብሰው፣ ጓደኛቸውን አቶ ተፈራን ይዘው ለሽምግልና ኩምሳ ቤት ሄዱ። መንገዱን ሙሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። አቶ ተፈራ ንግግራቸውን ያጥኑ ብለው ዝም አሏቸው። ፋንታዬ መኪና ውስጥ ቀረች።

ኩምሳ ከሌሊት ሺፍት ገና መግባቱ ነበር። ሁለቱን አዛውንት በሩ ላይ ሲያይ ክው አለ።

«ግቡ እንጂ ጋሼ ሀብቱ፣ ተቀመጡ።»

«እሺ ካላልከን አንቀመጥም።»

የሽማግሌ ወጉ ይኸው ነው፤ የመጣበት ሳይፈጸምለት ወንበር አይነካም።

«የሚወራው እውነት ነው?» አሉ አቶ ሀብቱ።

ኩምሳ አንገቱን ደፋ። «እውነት ነው። አንድ የጃፓን ኩባንያ ለሯጭ ቡድኑ ሊያስሮጠኝ ይፈልጋል። በደንቡ ከሆነ ዜግነቱ ዓመታት ይፈጃል፤ ለእኔ ግን በልዩ ፈቃድ እንዲሰጠኝ መንግሥታቸውን እየጠየቁልኝ ነው። ለሲድኒ ኦሊምፒክ ትደርሳለህ ብለውኛል።»

«የኢትዮጵያዊነትህስ ነገር?»

«እሱን መተው አለብኝ።» ድምፁ ተሰበረ። «ጋሼ፣ አገር ቤት ሁለቴ ማጣሪያ አልፌ ሁለቴም ቦታዬን ለሌላ ሰጡብኝ። ሠላሳ ሊሞላኝ ነው። ካርቶን ስሸከም ላርጅ?»

«ለኑሮ ብሎ ባንዲራውን የሚለውጥ ሰው ምን ይባላል?» አቶ ሀብቱ ጮኹ። «በምን ዐይንህ ሰው ታያለህ? ማታ ብቻህን ስትሆንስ ራስህን ምን ትለዋለህ?»

አቶ ተፈራ ደንግጠው ክንዳቸውን ያዙ። ራሳቸው አቶ ተፈራም ጉልበታቸውን ያማቸዋልና ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ኩምሳ ይህን ማየት አልቻለም፤ ሽማግሌ በደጁ አቁሞ አላደገም።

«እሺ» አለ።

«አሁኑኑ ኮል አድርግላቸው።»

ኩፐርቲኖ ለሚኖረው የኩባንያው ሰው ደወለ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቀ፣ አመሰገነ፣ እንደማይመጣ ነገረው። ሰውዬው ደጋግሞ ሲለምነው ከስልኩ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። ኩምሳ ስልኩን ዘግቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻው ብቻ ነበር የሚያለቅሰው።

ያን ጊዜ ተቀመጡ። አቶ ተፈራ እጃቸውን ዘርግተው «አኮራኸን፤ እግዚአብሔር ያኩራህ» እያሉ መረቁት። አቶ ሀብቱ ግን የሱፋቸውን ቁልፍ ይነካኩ ነበር። ኩምሳ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ከውርደት አዳኑኝ ጋሼ።»

አቶ ሀብቱ ሰዓታቸውን አዩና ብድግ አሉ። አቶ ተፈራን ቤታቸው አድርሰው ከፋንታዬ ጋር ወደ ደቡብ ነዱ።

«እሺ አለ?»

«አለ።»

«ተመስገን! አንተ ባትኖር ምን ይሆን ነበር?»

አቶ ሀብቱ ፍሪሞንትን እስኪያልፉ ፊታቸውን በመሐረብ ይጠርጉ ነበር።

ቀትር ላይ ሳን ሆዜ፣ ሰው በሞላው አዳራሽ፣ አቶ ሀብቱ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው፣ የኢትዮጵያ ዜግነታቸውን ትተው አሜሪካዊ ለመሆን ማሉ።